የእቴጌ ደረሰኝ

አበ ብዙኃን አብርሃም እንግዳ ሳይቀበል እህል የማይቀምስ ሰው እንደ ነበረ፣ ሰይጣንም በዚህ ደግነቱ ቀንቶ የገዛ ራሱን ፈንክቶ በመንገድ ዳር ተቀምጦ ወደ አብርሃም ድንኳን የሚያመራውን መንገደኛ ሁሉ «አትሂዱ፤ ያ ደግ የምትሉት ሰው ዛሬ እንዲህ ፈንክቶ ሰደደኝ» እያለ እንደ መለሰበት፣ አብርሃምም እንግዳ አጥቶ ሦስት ቀን ጦሙን ከዋለ በኋላ በመምሬ ዛፍ ሥር ሥላሴን ለመቀበል እንደ በቃ ከልጅነታችን ጀምሮ ሲተረክልን አድገናል። እኔ ግን ዕድሜዬ ከገፋ በኋላ ታሪኩን ስሰማ አንድ ነገር ይታሰበኝ ጀመር፤ ይኸውም አብርሃም በድንኳኑ ደጃፍ የአልጋና የምሳ ዋጋ ጽፎ ሰቅሎ ቢሆን ኖሮ፣ ሰይጣን ያን ሁሉ ደም ማፍሰስ ባላስፈለገውም ነበር፤ መንገደኛው ዋጋውን አይቶ በራሱ ጊዜ በተመለሰ።

መጽሐፍም ቢሆን ስለ እንግዶች ማደሪያ ሲናገር ብዙ አያሞግስም። ቅዱስ ሉቃስ በልደቱ ምዕራፍ የሚያነሣው ቦታ እንደሌለ ለመናገር ነው፤ በኋላም በደጉ ሳምራዊ ምሳሌ ሲመለስበት የምንሰማው ስለ ክፍያ ነው፤ ሁለት ዲናር ተሰጥቶ፣ የጎደለው በመልስ ጉዞ እንዲከፈል ቃል ተገብቶ። የኢያሪኮ መንገዱ ባለ ማደሪያ ያን የማያውቀውን ሰው በቃሉ ብቻ አምኖ መልቀቁን ሳስብ፣ ከሳምራዊው ይልቅ ደጉ እርሱ ይሆንን? እላለሁ፤ በኛ አገር ቢሆን መታወቂያውን ሳያስይዝ ባልሄደም ነበር።

በደጋው አገር ግን ይህ ሁሉ ጣጣ አልነበረም። የመሸበት ሰው ከአጥር ውጭ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ሲል፣ ከውስጥ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ይግቡ» የሚል ቃል ይመለስለታል፤ ውሻው ይያዝለታል፣ እግሩ ይታጠባል፣ ከማዕዱ ይካፈላል፣ ማለዳም ምርቃቱን ሰጥቶ መንገዱን ይቀጥላል። ገንዘብ ላውጣ ያለ እንደ ሆነ ግን ባለቤቱን ከመስደብ ተቆጥሮበት ዳግመኛ በዚያ ሰፈር አያልፍም።

እኛ የቆላዎቹ፣ የኮኪት ሰዎች፣ በዚህ ረገድ ቀደም ብለን የሠለጠንን ነን፤ ወይም ቀደም ብለን የጠፋን ነን፤ ፍርዱን ለአንባቢ እተዋለሁ። ኮኪት ከገንዳ ውሃ ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በሰሊጥ እርሻ መካከል የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። መተማ ደግሞ ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ደማቸውን ከማፍሰሳቸው አስቀድሞም የነጋዴ መናኸሪያ ስለ ነበረች፣ በዚህ መንገድ የሚያልፈው ሰው ከእግዜር እንግዳነት ይልቅ የገበያ እንግዳነቱ ይበልጥ ነበር፤ ነጋዴን ሁሉ በነጻ ላሳድር ያለ ሰው ደግሞ በአንድ በጋ ቤቱን ሽጦ እርሱ ራሱ እንግዳ ይሆናል። ስለዚህ አልጋ ማከራየትን ማንም ሳያስተምረን ለመድነው።

አልጋ ቤቶቻችንን ላላየ ሰው በጥቂቱ መግለጽ ይገባል። ክፍሉ ጠባብ፣ ጣራው ቆርቆሮ ነው፤ ቀን የዋለበትን ፀሐይ ሌሊት ይመልሳል። በሚያዝያና በግንቦት በዚያ ክፍል ውስጥ በሩን ዘግቶ የሚያድር ሰው ሠለስቱ ደቂቅን ካወጣቸው መልአክ ጋር ቀጠሮ ያለው ብቻ ነው። ስለዚህ ደንበኛው ክፍሉን ከተከራየ በኋላ አልጋውን ተሸክሞ ወደ ግቢ ያወጣል፤ አጎበሩን ይዘረጋል፤ ከጎኑ የኤፍ ኤስ አር ጭነት መኪና ሹፌርና ረዳቱ፣ ከነርሱ ወዲያ የሰሊጥ ነጋዴው፣ ከነጋዴው ወዲያ ከደጋ የወረደው፣ እኛ ሳሉግ የምንለው የአጨዳ ሠራተኛ ይደረደራሉ። በውነቱ የሚከራየው ክፍሉ ሳይሆን ክፍሉን ጥሎ የመውጣት መብቱ ነው። ያም ሆኖ በዚያ ግቢ የሚጫወተው ጨዋታ፣ ከአልጋ ወደ አልጋ የሚወረወረው የዋጋና የዝናብ ወሬ፣ አንዱ አንቀላፍቶ ሌላው ሲያወራ የሚነጋው ሌሊት በየትኛውም ታላቅ ሆቴል አይገኝም። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ፣ የሱዳን ጦርነት ከተቀሰቀሰ ጀምሮ፣ በመተማ በኩል የገባውና በኩመርና በአውላላ መጠለያ አርፎ የነበረው ሕዝብ የአገሩን እንግዳ ተቀባይነት ሌላ ፈተና ላይ ጥሎታል፤ ነገር ግን ያን የመሰለ ኀዘን በወግ መካከል ማንሣት ስለማይገባ እዚህ ላይ እተወዋለሁ።

ወደ ዋናው ነገር ልመለስና፣ መሐል አገር ለአልጋና ለወጥ ገንዘብ መክፈልን የተማረው ከቤተ መንግሥት ነው። እቴጌ ጣይቱ ብጡል በ1880 ዓ.ም. የእንጦጦ ማርያም ስትመረቅ አምስት ቀን የፈጀ፣ ዝክሩ እስከ ዛሬ ያልጠፋ ግብር ያገቡ እመቤት ናቸው። በዚያ ግብር የበላው ሰው ብዛት፣ የተጣለው ሰንጋ፣ የተጠመቀው ጠጅ ሲነገር ለሰሚው ያጠግባል፤ ታዲያ አንድም ሰው ሒሳብ አልተጠየቀም። ከዐድዋ ድል በኋላ ግን የየመንግሥታቱ ቆንስል፣ ነጋዴው፣ መሐንዲሱ፣ ሥራ ፈላጊው ፈረንጅ ሁሉ ወደ አዲስ አበባ ይጎርፍ ጀመር፤ ይህ ሁሉ ሰው በድንኳን እያደረ፣ በቤተ መንግሥት ግብር እየበላ ሊኖር አይችልምና፣ በ1898 ዓ.ም. ዘመን ዛሬ ፒያሳ በምንለው ሰፈር እቴጌ ሆቴል ተቋቋመ። እኒያው የእንጦጦዋ ባለ ግብር ናቸው እንግዲህ ለመሐል አገር የመጀመሪያውን ባለ ዋጋ ማዕድ የዘረጉት። ይህን ስል ለመንቀፍ አይደለም፤ ይልቁንም በነጻ ማብላትን ጠንቅቆ ያወቀ ሰው ብቻ ነው ዋጋውን ሊተምን የሚችል ብዬ አምናለሁ።

ሲተረክ እንደ ኖረው፣ ሆቴሉ ከተከፈተ በኋላ ያገሬው ሰው ዝር አልል አለ። መኳንንቱ በገንዘባቸው ወጥ ገዝተው በሰው ፊት ሊበሉ? ቤት የሌለው፣ ሚስት የሌለው፣ ጌታ የሌለው መባል አይደለምን! እቴጌ ቢጨነቁ ጊዜ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ሄዱ፤ ተበላ፣ ተጠጣ፣ በመጨረሻም ንጉሠ ነገሥቱ ከኪሳቸው ገንዘብ አውጥተው ከፈሉ፤ «እናንተም እንደዚህ እያደረጋችሁ ብሉ፤ ነውር የለበትም» ብለው መከሩ። መኳንንቱም ታዘዙ ይባላል። እኔ ግን መጀመሪያ ጊዜ የታዘዙት የጃንሆይን እግር ተከትለው ለመብላት እንጂ ለመክፈል ይሆናል የሚል ጥርጣሬ አለኝ፤ ሰው ከምክር ውስጥ ቶሎ የሚገባው የሚጣፍጠው ወገን ነውና።

በዚህ ሆቴል ያደርሁት ከአጎቴ ጋር ነው። አጎቴ የሰሊጥ ገበሬ፣ ዳዊት ደጋሚ፣ በዘመዱ ቤት ካልሆነ በቀር ከኮኪት ወጥቶ ማደር የማይወድ ሰው ሲሆን፣ ለዓይኑ ሕክምና አዲስ አበባ መሄድ ግድ ሆነበት፤ እኔም መንገዱ ሰላም በነበረበት በዚያ ዘመን መሪው ሆኜ ተከተልሁት። በመንገዳችን ላይ በአንድ ከተማ፣ ስሙን በማልጠቅሰው፣ ፊቱ ሁሉ መስታወት በሆነ አዲስ ሆቴል አደርን። በዚያ ቤት ሁሉ ነገር አዲስ ሆኖ ሳለ ሁሉ ነገር አይሠራም ነበር፤ አሳንሰሩ ቆሟል፣ ቧንቧው ያፏጫል እንጂ አያፈስም፤ አጎቴም ማለዳ በበሶው ላይ ሊያፈስ የፈለገውን ውኃ በእንስራ ተቀብሎ «ይህ ቤት ከኮኪት በምን ይሻላል?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። አዲስ ነገር ሳይሠራ ሲቀር ብልሽት ይባላል፤ አሮጌ ነገር ሳይሠራ ሲቀር ቅርስ ይባላል፤ የኛ አልጋ ቤት ደግሞ ለአዲስነቱ ያረጀ ለቅርስነቱ የቀረበ ስለ ሆነ ከሁለቱም መዝገብ ውጭ ነው።

አዲስ አበባ እንደ ገባን ዘመድ ቤት አናስቸግርም ተባብለን ነበርና፣ ማደሪያ ማፈላለጉ በኔ ላይ ወደቀ። «የእቴጌ ሆቴል አለ» ስለው የአጎቴ ፊት በራ፤ እቴጌ ጣይቱ የስሜኑ የደጃዝማች ውቤ የወንድም ልጅ እንደ መሆናቸው አጎቴ እርሳቸውን የጎንደር፣ ስለዚህም የቆላው ጎንደር፣ ስለዚህም የኮኪት ሰው አድርጎ ከቈጠራቸው ቈይቷል። ወደ እንግዳ ተቀባዪቱ ልጅ ቀርበን ዋጋውን እንደ ነገረችን አጎቴ በትሩን ተደግፎ የዘር ሐረግ ይቈጥርላት ጀመር፤ ከስሜን ተነሥቶ፣ በወገራ አልፎ፣ ጭልጋን ተሻግሮ፣ በሰባተኛው ቤት ላይ የራሱ አያት ደረሰ።

«እንግዲህ ልጄ፣ እቴጌ ወገናችን ናቸው» አላት ሲጨርስ። «ለዘመድ ስንት ነው?»

ልጅቱ ሳትሥቅ፣ በትሕትና ጎንበስ ብላ መለሰች። «አባባ፣ ጃንሆይ ምኒልክ ባላቸው ሆነው ሳለ ከፍለዋል።»

አጎቴ ዝም አለ። ከዚያም ገንዘቡን ከመቀነቱ ፈትቶ ቈጠረ። በሕይወቱ በክርክር ሲረታ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ ተረትቶም ደስ ብሎት ነበር፤ ለዐጼ ምኒልክ ያልተደረገ ቅናሽ ለርሱ አለመደረጉ ከንጉሥ ጋር በአንድ መዝገብ እንደ መጻፍ ሆነለትና።

«አልጋው የማን ነው?» አለ ቁልፉን ሲቀበል።

«የሆቴሉ ነው አባባ።»

«እሱንስ ዐውቃለሁ። ማን ተኝቶበታል ማለቴ ነው።»

«ትናንት አንድ ጀርመን አድሮበት ነበር፤ አንሶላው ግን ተቀይሯል።»

«ከጀርመኑ በፊትስ?»

«ከርሱ በፊት የነበረውን እኔም አልደረስሁበትም» አለችና አሁን ሣቀች። አጎቴ አንድ ራስ ወይም አንድ ፊታውራሪ ተስፋ አድርጎ ኖሮ ጀርመን ስለ ደረሰው ደረጃውን ሲወጣ ጥቂት አዝኖ ነበር።

ክፍሉ ሰፊ፣ ኮርኒሱ ከፍ ያለ፣ ወለሉ ጣውላ ነው። በዛሬ ዘመን ሰው ክፍል ሲሠራ የሚለካው አልጋን ነው፤ የዚያ ዘመን ሰዎች ግን የለኩት ሰውን ከነክብሩ፣ ከነካባውና ከነአሽከሩ ይመስላል፤ እኛ ሁለታችን ከነስንቃችን በዚያ ክፍል ውስጥ ቆመን ሳለ ገና ያልመጡ ሰዎች የሚጠበቁ መሰለኝ። ጣውላውም ይናገራል። ሰው በኮሪደሩ ባለፈ ቍጥር እንጨቱ በጠባዩ ስለሚያወራ፣ አጎቴ እያንዳንዱን ድምፅ «ማን ነው?» እያለ ሲጠይቅ አደረ። በኮኪት ግቢ ተኝቶ ላደገ ሰው የአዲስ አበባ ብርድ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፤ በጋቢው ላይ ብርድ ልብስ፣ በብርድ ልብሱ ላይ የኔን ካፖርት ደርቦ፣ ከዚያ ሁሉ ክምር ውስጥ አፍንጫውን ብቻ አውጥቶ «መኳንንቱ ሲመላለሱ አነጉ» አለኝ ማለዳ። መኳንንት ሳይሆን እንግዶች ለጉዳያቸው ሲወጡ እንደ ነበር ልነግረው አልፈለግሁም። በዚያ ቤት ዋጋ የከፈለው ይህን ለመስማት አይደለምን? ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ፤ ሰው ወደ አሮጌ ሆቴል የሚሄደው ለመተኛት ቢሆን ጸጥ ያለ ክፍል በየትም ይገኛል፤ የሚከፍለው ለማይተኛበት ሰዓት ነው።

ቀኑ ዓርብ ነበርና እኩለ ቀን ላይ በዚያ ቤት የታወቀው የጾም ቡፌ ተዘረጋ። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ሱፉ፣ ስልሱ፣ ድንቹና ቀይ ሥሩ በየሳህኑ ተደርድሮ፣ የሚበላው ሰው አንድ ዋጋ ከፍሎ እስኪጠግብ ይበላል። አጎቴ ይህን ሲያይ «ይህማ ግብር ነው!» ብሎ ጮኸና ወንበር ስቦ በክብር ተቀመጠ፤ እንደ ግብር ሥርዓት አሳላፊ መጥቶ እንዲያቀርብለት፣ ከርሱ የሚበልጡ ሰዎችም አስቀድመው እንዲነሡ ይጠብቅ ጀመር። ሳህን ተይዞ መሰለፍ እንዳለበት ስነግረው ተገረመ፤ ዐረቄ የጠጣ ይመስል ሁሉም በየራሱ የሚያነሣበት፣ ራስ ከአሽከር የማይቀድምበት፣ አጋፋሪ የሌለበት ግብር ምን ዐይነት ግብር ነው? ተሰልፎም ሲደርስ ያነሣው አንድ እንጀራና አንድ ጭልፋ ሽሮ ብቻ ነበር፤ በሰው ቤት እፍኝ ሙሉ ማንሣት ነውር ነውና። ከኋላው የነበረው ፈረንጅ ግን ሳህኑን ከምሮ ሦስተኛ ጊዜ ተመለሰ። አንድ ዋጋ ለሁሉ ሲቈረጥ፣ የይሉኝታ ሰው የይሉኝታ ቢስን ምሳ እንደሚከፍል ያን ቀን አየሁ።

ያ ፈረንጅ ከጎናችን ተቀመጠና፣ ጥቂት አማርኛ ያውቅ ስለ ነበር፣ በየአገሩ ትንንሽና ጥንታዊ ሆቴሎችን እየፈለገ ማደር እንደሚወድ አጫወተን። በፓሪስ ኦስካር ዋይልድ የተባለው ደራሲ በ1900 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር የሞተበት ሆቴል እስከ ዛሬ እንግዳ እንደሚቀበል፣ ሰዎችም ያን ክፍል ለይተው እንደሚጠይቁ ሲነግረን አጎቴ እንጀራው በእጁ እንዳለ ቆመ። «ሰው የሞተበትን አልጋ ያከራያሉ?» አለኝ። ሟቹ ሒሳቡን ሳይጨርስ እንደ ሞተ ስጨምርለት ደግሞ ፊቱ ተለወጠ። «ከፍሎ ካልሆነማ» አለ፤ «ባለ ቤቱ አብርሃም ነው።»

እኔም በዚህ መካከል ስለ ገዛ ወገኖቻችን ትዝ አለኝ፤ በአውሮፓ ከተማ ያለ ትንሽ ጥንታዊ ማደሪያ ከተባለ፣ በሮም ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተጀርባ ያለችው የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ማን ይወዳደራታል? በዐሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት መገባደጃ የሮማው ሊቀ ጳጳሳት ሲክስቱስ አራተኛ ለኢትዮጵያ መነኮሳትና ተሳላሚዎች ማረፊያ እንድትሆን ሰጥተዋታል። እዚያ ያረፉት አባ ተስፋ ጽዮን እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1548 እና በ1549 የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን አሳተሙ፤ ከመቶ ዓመት በኋላም፣ በ1649፣ ኢዮብ ሉዶልፍ የተባለ ወጣት ጀርመን ግዕዝ ሊማር አባ ጎርጎርዮስን ፈልጎ አገኛቸው፤ በ1652 ደግሞ እኒህ መነኩሴ እስከ ጎታ ድረስ ተጋብዘው የመስፍኑ እንግዳ ሆኑ። ወገኖቻችን እንግዲህ ለማደሪያቸው የከፈሉት በግስና በሰዋስው ነው፤ ያም ክፍያ ተጠራቅሞ በአውሮፓ አንድ ሙሉ የትምህርት ዘርፍ ወጣው። ይህን ለአጎቴ ስተረጕምለት «አየህ!» አለኝ፤ «ጀርመን የተኛበት አልጋ ላይ መተኛቴ ብድር ምላሽ ነው።» ከጀርመኑ ጋር የታረቀው ያን ጊዜ ነው።

በምንለቅበት ማለዳ ልጅቱ ደረሰኝ ቈርጣ ሰጠችን። አጎቴ መነጽሩን አድርጎ፣ እንደ ዳዊቱ በጣቱ እየተከተለ፣ ከላይ እስከ ታች አነበበና ከግርጌው ላይ ቆመ።

«ይህ ዐሥራ አምስት በመቶ ምንድን ነው?»

«ተጨማሪ እሴት ታክስ ነው አባባ። የመንግሥት ነው።»

«ምኒልክ እኮ በዚህ ቤት ለሚበላው ሰው ከፈሉ አላላችሁም?»

«ከፍለዋል።»

«እንግዲያ ያኔ መንግሥት ለበላተኛው ይከፍል ነበር፤ ዛሬ በላተኛው ለመንግሥት ይከፍላል» አለና ደረሰኙን አጥፎ በዳዊቱ መካከል አኖረው። ከስንቁ ኮሮጆ የተረፈውን ሰሊጥ ደግሞ በእፍኙ እየዛቀ ለልጅቱ በጋዜጣ ጠቀለለላት፤ ዋጋ ልክፈል ብትለው ሊቈጣ ምንም አልቀረውም።

እሑድ ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በሆቴሉ ላይ እሳት ተነሥቶ ጃዛምባ የሚባለው የሙዚቃ አዳራሽ ሲቃጠልና አሮጌው ቤት ሲጎዳ፣ ወሬው በራዲዮ ኮኪት ደረሰ። የሰፈሩ ሰው አጎቴን ሊያጽናና መጣ፤ እርሱም ሐዘን እንደ ደረሰበት ሰው ቡና አስፈልቶ ተቀበላቸው፤ ደረሰኙንም ከዳዊቱ አውጥቶ «እኔ ዘንድ ማስረጃው አለ» እያለ፣ ቤቱ መልሶ ሲታደስ በመረጃነት የሚፈለግ ይመስል፣ ለአንድ ለአንዱ አሳየ። ቤቱም ታድሶ፣ ዙሪያው ያለው የፒያሳ ሰፈር በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ እንኳ እርሱ ቆሞ ቀረ፤ አጎቴም ይህን ከደረሰኙ በረከት ቈጠረው።

ከዚያ ወዲህ ወረቀቱን ሳያይ ከአጎቴ ቤት የሚወጣ እንግዳ የለም። ባለፈው በጋ ከጎንደር የወረደ አንድ ወጣት መኪናው ተበላሽቶበት በአጎቴ ቤት አደረ፤ እግሩ ታጠበ፣ ራቱን በላ፣ አልጋው ግቢ ወጥቶ አጎበር ተዘረጋለት። ማለዳ ቡናው ተፈልቶ ሦስተኛው ሲቀዳ፣ አጎቴ መነጽሩን አድርጎ ከዳዊቱ መካከል ደረሰኙን መዘዘና በፊቱ ዘረጋ። ልጁ ደነገጠ፤ ቶሎ ብሎ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ።

«ስንት ደረሰ አባባ?»

«አንተ ቡናህን ጠጣ!» አለ አጎቴ። «ይህ የእቴጌ ነው።»